እስከ ጫፍ ያልተዘረጋው ክዳን

ማቀዝቀዣው በር ላይ የተለጠፈውን ደንብ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሠላሳ አምስት ዓመት ባቡር ጣቢያ የሠራሁ ሰው ስለሆንኩ ደንብ መጻፍ እችልበታለሁ። ድመታችን ኪናኮ ቤት የገባች ሰሞን ምራቴ ቺሆ አቅፋ ስታሻሻት፣ እኔ መነጽሬን አድርጌ ለድመቷ ደኅንነት ጻፍኩ። መርፌና ክር ሜዳ ላይ አይተው። የሊሊ አበባ ቤት አይግባ። ልብስ ማጠቢያ ማሽኑ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ውስጡ ይታይ። መታጠቢያ ውሃ ውስጥ የመድኃኒት ዱቄት አይጨመር። የገንዳው ክዳን እስከ ጫፍ ይዘርጋ።

የመጨረሻዋን በቀይ አሠመርኩባት። ማታ ማታ አንድ ገንዳ ውሃ ይሞቃል፤ እንደ አገራችን ልማድ እኔ እቀድማለሁ፣ ቺሆ በዚያው ውሃ ትከተላለች። ውሃው አይደፋም፤ በማግስቱ ልብስ ታጥብበታለች። ኪናኮ ደግሞ የምትተኛው እዚያ ክዳን ላይ ነው፣ ስለሚሞቃት። ክዳኑ የሚጠቀለል ዓይነት ነው። በደንብ ካልተዘረጋ ጫፉ ክብደት አይችልም።

ቺሆን በዚህ ደንብ ስንት ጊዜ ነዘነዝኳት! ገና ከመታጠቢያ ስትወጣ፣ «ክዳኑስ?» እላለሁ።

«ዘግቻለሁ፣ የጣቢያ ሹም» ትለኛለች እየሳቀች።

አንድ ቀን ከጧት ጀምሮ ስለዘነበ ልብስ አላጠበችም፤ የማታው ውሃ እንዳለ ነበር። እሷ ሥራ ሄዳለች። ልጄ ሹሄይ ናጎያ ከተማ ነው የሚሠራው፣ በወር አንዴ ነው የሚመጣው። ወገቤ ሲቆረጥመኝ አደረ። ከካልሲዎቼ ሥር የደበቅኩትን የወገብ መድኃኒት ዱቄት አወጣሁ፣ ውሃውን አሞቅኩ፣ በተንኩበት። አረንጓዴ ሆነ። እንደ ንጉሥ ተዘፈዘፍኩ። ቺሆ ሳትመጣ ውሃውን ደፍቼ ገንዳውን አጥበዋለሁ ብዬ ነበር።

የበር ደወል ተደወለ። ዕቃ አመላላሹ አንድ ካርቶን ፖም ይዞ መጥቷል። እየተንጠባጠብኩ ልብሴን ደርቤ ወጣሁ፤ ክዳኑን በግማሽ ጎትቼው። ፈረምኩ፣ አንድ ፖም ልጬ በላሁ፣ ጋደም አልኩ። ከዚያ በኋላ እንቅልፍ ነው።

የቀሰቀሰኝ የቺሆ ጩኸት ነው። ሮጥኩ። ኪናኮን ከውሃው አውጥታ ደረቷ ላይ ለጥፋታለች። ድመቷ አንገቷ ተንጠልጥሏል፣ ትንፋሿ ይቆራረጣል። የገንዳው አፍ ላይ ጥፍሯ የቧጠጠው ይታያል።

እኔ ምን አልኩ? «ማታ መጨረሻ የታጠብሽው አንቺ አይደለሽም እንዴ?» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። ነጭ ሸሚዟ እስከ ክርኗ ድረስ አረንጓዴ ሆኗል። ድመቷን እንደያዘች ወደ እንስሳት ሐኪም ሮጠች፤ ተከተልኳት።

ለምን እንደዋሸሁ አውቃለሁ። በጸደይ ማንቆርቆሪያ እሳት ላይ ረስቼ ወጥ ቤቱን ላቃጥል ነበር። ሹሄይ ያኔ፣ «አባዬ፣ ሌላ አንድ ነገር ከረሳህ የአረጋውያን ቤት እንፈልጋለን» ብሎኛል። ይህ ቤት እኔ የሠራሁት ቤት ነው። ከዚህ መውጣት አልፈልግም። ለዚህ ስል አንዲት ድመት በእጄ ልትሞት ነው።

የእንስሳት ሐኪሟ ኪናኮን በፎጣ ተቀብላ፣ «ውሃው ውስጥ የተጨመረ ነገር አለ? ንገሩኝ። ካለ፣ ፀጉሯን ልሳ ከመዋጧ በፊት ማጠብ አለብኝ» አለች።

አፌን ከፈትኩ። እምላችኋለሁ፣ ከፍቼ ነበር። ግን የአረጋውያን ቤቱ ትዝ ሲለኝ መልሼ ገጠምኩት። ሐኪሟ አንዴ እኔን፣ አንዴ ቺሆን ታያለች።

«የወገብ ዱቄት አለበት» አለች ቺሆ። «እኔ ነኝ የጨመርኩት። ክዳኑንም አልዘጋሁም። ጥፋቱ የኔ ነው።» ጎንበስ ብላ ይቅርታ ጠየቀች፤ ሐኪሟን፣ ቀጥሎ ድመቷን። የዱቄቱን ዓይነት እንኳ በስሙ ጠርታ ነገረቻት። ካልሲዎቼን አጥባ የምታጥፈው እሷ አይደለች? መደበቂያዬን ከመጀመሪያው ታውቀው ኖሯል።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ኪናኮ ሁለት ቀን እዚያ ሰንብታ ተረፈች። ወደ ቤት ባመጣናት ማታ ሹሄይ ደወለ፤ ቺሆ ለሐኪሟ ያለችውን ለእሱም ነግራዋለች። ቺሆ ሩዝ እያጠበች ስለነበር ስልኩ ጠረጴዛ ላይ ሆኖ በድምፅ ማጉያ ነው የሚያወራው።

«አንድ ክዳን መዝጋት አቃተሽ?» አላት። «አባዬ ደንቡን ዓይንሽ ሥር ለጥፎልሽ? ዱቄት ደግሞ ምን አስጨመረሽ?»

«ይቅርታ» አለች።

«መልስ ስጪኝ እንጂ!»

ከዚህ በላይ መስማት አልቻልኩም። «ሹሄይ፣ እኔ ነኝ» አልኩ። «ዱቄቱንም የጨመርኩት፣ ክዳኑንም ክፍት የተውኩት እኔ ነኝ። እሷ የለችበትም።»

ሹሄይ ሳቀ። «ተው እንጂ አባዬ! እንዳልጮህባት ብለህ ነው። ደንቡን የጻፍከው አንተ! ድሮም አንጀትህ አይችልም። አየሽ ቺሆ? አሁንም የሚከላከልልሽ እሱ ነው። አመስግኚው።»

የቺሆ እጆች ሩዙ ውስጥ ቆሙ። ጀርባዋን ብቻ ነው የማየው። አንዴ ብደግመው፣ «እውነቴን ነው፣ ስማኝ» ብለው ያምነኝ ነበር።

አልደገምኩትም። ባለማመኑ ደስ አለኝ። ከሁሉም የሚያሳፍረኝ ይሄ ነው፤ ውስጤ እፎይ ማለቱ።

«አመሰግናለሁ፣ አባባ» አለች ቺሆ ሳትዞር። ሹሄይ ደህና እደሩ ብሎ ዘጋ።

ሩዙን ጣደች። እጇን አደራርቃ ወደ መታጠቢያው ሄደች፤ የውሃው ድምፅ ተሰማኝ። ኪናኮ ጉልበቴ ሥር መጥታ ተጋደመች፣ ምኑንም አታውቅ። ላሻሻት እጄን ዘርግቼ መለስኩት።

ቺሆ ተመልሳ ፎጣዬን እንደ ሁልጊዜው በሁለት እጇ አቀረበችልኝ።

«አባባ፣ ውሃው ደርሷል» አለች። «እርስዎ ይቅደሙ።»

ዛሬ አንቺ ቅደሚ ልላት ነበር። ፎጣውን ተቀብያት ገባሁ።