ሁለቱ ሰባት ቁጥሮች

በ1982 ዓ.ም. ጂንካ ውስጥ፣ የከብት ክትባት ፕሮጀክቱ ሠራተኞች በሙሉ በተገኙበት፣ ሁለት ኮምፒውተሮች እርስ በርስና ከአንዲት ፕሪንተር ጋር በአንድ ሽቦ መገናኘታቸው በይፋ ተበሰረ። አጨበጨብን።

ሥራ አስኪያጁ ጓድ ውባየሁ ትልቁን ማሽን ቢሮአቸው አስገቡ፤ ትልቅ ስለሆነ። አሮጌው እሱ ነበር። ትንሹና አዲሱ ለእንስሳት ሐኪሙ ለአንጁሎ ቀረ። እያንዳንዱ ማሽን እንዲታተም የተሰጠውን ሥራ ለብቻው ከአንድ ጀምሮ ስለሚቆጥር፣ ሰባት ቁጥር እዚህም አለ፣ እዚያም አለ። ከአዲስ አበባ የመጣው ባለሙያ ንጉሤ መላ አመጣ፦ ከቁጥሩ በፊት የማሽኑ ስም ይጻፍ። ለስም አወጣጡ ኮሚቴ ተቋቋመ። ትልቁ «አመራር»፣ ትንሹ «ሰፊው ሕዝብ» ተባሉ።

አንድ ዓርብ የአንጁሎ የወይጦ ሸለቆ ክትባት ዝርዝርና የጓድ ውባየሁ የከሰዓት ስብሰባ ንግግር፣ ሁለቱም በየማሽናቸው ሰባተኛ ሆነው፣ አንዲቷ ፕሪንተር ላይ ተቆላልፈው ቆሙ። የወይጦ ከብት እያለቀ ነው። መድኃኒቱ በረዶ ውስጥ ተጭኖ መኪናው ዝርዝሩን ይጠብቃል።

«የአንጁሎ ይጥፋ» አሉ ጓድ ውባየሁ።

«ጓድ፣ በረዶው እየቀለጠ ነው» አለ አንጁሎ።

«ንግግሬም ይበርዳል።»

ንጉሤ ወደ ትንሹ ማሽን ሊሄድ ሲነሣ፣ «ወዴት ነው? ትእዛዝ የሚወጣው ከዚህ ቢሮ ነው» አሉት። ተመልሶ ትልቁ ላይ «ሰፊው ሕዝብ ሰባት ይጥፋ» ብሎ ጻፈ። አሮጌው ማሽን ግን ከሌላ ማሽን ጋር መኖርን ሳይማር የተሠራ ነው፤ ስሙን ዘለለና ቁጥሩን ብቻ አይቶ የራሱን ሰባት አጠፋ። ፕሪንተሯ ወዲያው መንጫጫት ጀመረች።

«ተፈጽሟል» አለ ንጉሤ፣ ክራባቱን እያስተካከለ።

ጸሐፊዋ ሮማነወርቅ የወጣውን ወረቀት ሳታየው በማኅደር አድርጋ አዳራሽ አደረሰች። ከስብሰባ መቅረት አይቻልምና አንጁሎ፣ ዝርዝሬ ጠፋ ብሎ፣ አንገቱን ደፍቶ ከፊት ተቀመጠ። ጓድ ውባየሁ ማኅደሩን ከፍተው ጉሮሮአቸውን ጠረጉ።

«ታችኛው ወይጦ፣ ላም ሠላሳ፣ ጊደር አሥራ ሁለት...»

እንደ ልማዳችን አጨበጨብን። እሳቸውም በጭብጨባው ተበረታተው ቀጠሉ፤ ወይፈኖቹ ላይ ሲደርሱ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። አንጁሎ እስክሪብቶ አውጥቶ ይጽፍ ጀመር። ሁለተኛው ገጽ ላይ እጁን አነሣ።

«ጓድ፣ ከወንዙ ማዶ ያሉትን ጥጆች ቢደግሙልኝ።»

ደገሙለት።