ማቴኮአኔው የማን ነው

እኔ ማንበብ አልችልም። ስለዚህ ወረቀት ሲሰጡኝ የማየው የሰጪውን ፊት ነው። የንታቴ ካቤሌ፣ የአቶ ካቤሌ ማለቴ ነው፣ ፊት ደግሞ ገና ከመኪናው ሲወርድ አልጣመኝም። ከዋና ከተማው ከማሴሩ ድረስ ነድቶ የመጣው እኛን ሊያስፈርም ነበር፤ እንደማልፈርም ግን እኔ ብርድ ልብሴን ትከሻዬ ላይ ሳልጥል፣ እዚያው ቤቴ ወስኜ ጨርሻለሁ።

ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ። በኛ መንደር፣ በሃ ሌቱካ፣ ማቴኮአኔ የማይዘራ ቤት የለም። የመንግሥት ሰዎች ወረቀታቸው ላይ ካናቢስ ይሉታል፤ ይበሉት። ለፈረስ ትል፣ ለአስም፣ ምጥ ለጠናባት ሴት ሲፈላ የኖረ ቅጠል ነው። እኔና ነፍሱን ይማረውና ባሌም በአህያ ጭነን፣ በገደሉ መንገድ ድንበር እያሻገርን ሸጠነዋል። አልዋሽም፣ ልጄ ዲኬሌዲ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሰችው በሱ ነው። ያኔ ሕጉ ክልክል ነው ይል ነበር። ፖሊስ ይመጣል፣ ይነቅላል፣ አቧራውን አራግፎ ይሄዳል፤ እኛም መልሰን እንዘራለን። ተላምደን ነበር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ግን መንግሥት ድንገት መድኃኒት ነው አለ። ተመስገን፣ ዛሬ ነው የገባችሁ? ብለን ሳንጨርስ፣ የሚዘራው ፈቃድ ያለው ብቻ ነው ተባለ። የፈቃዱን ዋጋ ብትሰሙ፣ የመንደሩ ከብት ከነጥጃው ቢሸጥ አይሞላውም። ማን አወጣው? የንታቴ ካቤሌ ኩባንያ። ወንዙ ዳር አሥራ አንድ የላስቲክ ቤት ሠራ፣ ዙሪያውን አጠረ፣ አበባውን እያሸገ ባሕር ማዶ ለካንሰር ሕመምተኞች መላክ ጀመረ። እኛ በዘራነው እስር ቤት፣ እነሱ በዘሩት አውሮፕላን! ኧረ የሕግ ያለህ!

ዲኬሌዲ እዚያ ተቀጠረች። መጀመሪያ አበባ ትከረክም ነበር፣ ኋላ ጽሕፈት ቤት አስገቧት። ደስ ብሎኝ ነበር፣ ለምን እዋሻለሁ።

ዘንድሮ ታዲያ ጉድ ፈላ። የኩባንያው ተክል ሁሉ ሴት ነው። ወንዱ ተክል ብናኙን ለነፋስ ሲለቅ ሴቷ ፍሬ ትይዛለች፤ ፍሬ የያዘ አበባ ደግሞ ለመድኃኒት አይሆንም ብለው ገዢዎቹ ይመልሱባቸዋል። ወንዶቹ ያሉት እኛ ማሳ ላይ ነው። ነፋሱም ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ከተራራው ወደ ወንዙ ይወርዳል። ቤቶቹን ከመትከላቸው በፊት አንዲት አሮጊት ጠይቀው ቢሆን በነገረቻቸው ነበር! እነሱ ግን የጠየቁት አለቃችንን ሞሬና ሌቱካን ብቻ ነው፣ ያውም በብራንዲ።

ስለዚህ ማሳችንን ሊያስነቅሉን ፈለጉ፣ አለቃውም ቅዳሜ ዕለት ፒትሶ ጠራ። ፒትሶ ላይ መላው መንደር ይቀመጣል፣ የፈለገ ተነስቶ ይናገራል። የተናገረው በአለቃው መዝገብ ይጻፋል፣ ማኅተም ይመታበታል። አንዴ ከተጻፈ አይፋቅም፤ አለቃው ራሱ ቢለምን አይፋቅም። ንታቴ ካቤሌ የከተማ ልጅ ነውና ይህን አላወቀም፣ ወይ አውቆ ንቆታል።

ከጎኑ ሳጅን ቴኮን አቁሟል፤ የታችኛው መንደር ልጅ ነው። ወረቀቱን እንድታነብልን ያመጣት ደግሞ የኔኑ ልጅ ነው። የኩባንያውን ሰማያዊ ሸሚዝ ለብሳለች፣ ወደኔ አታይም።

«ወገኖቼ፣ ነገሩ ቀላል ነው» አለ ካቤሌ። «በየማሳችሁ ያለውን ትነቅላላችሁ። ለየቤቱ አንድ ጆንያ የበቆሎ ዱቄትና ስድስት መቶ ማሎቲ ጥሬ ገንዘብ እንሰጣለን። ማንም አይታሰርም።»

«ጆንያው ስንት ኪሎ ነው?» አለ አንድ ሽማግሌ ከኋላ።

«ሃምሳ።»

«የምርጫው ጊዜም ሃምሳ ነው ብላችሁን ነበር። ስንመዝነው አርባ ሆነ።»

ሰው ሳቀ። ካቤሌም አብሮ ሳቀና ለዲኬሌዲ ምልክት ሰጣት። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለች አነበበች። ስድስተኛው ድረስ ያው የነገረን ነው፤ ሰዉ ማዛጋት ጀምሯል።

«ሰባተኛ» አለችና ወረቀቱን ዝቅ አደረገች።

«አንብቢ እንጂ!» አላት ካቤሌ።

«በመንደሩ የሚገኝ፣ ማሉቲ አራት ተብሎ የተመዘገበው ዓይነት ዘር ሁሉ፣ በማንም እጅ ቢሆን የኩባንያው ንብረት መሆኑን ፈራሚዎች አምነዋል።»

«ማሉቲ አራት ደግሞ ምንድን ነው?» አልኩ ከተቀመጥኩበት።

ልጄ መሬት መሬት እያየች «ግንዱ ወይን ጠጅ የሆነው ነው፣ እሜ» አለችኝ፤ እሜ በኛ አፍ እናት ማለት ነው፣ ትልቅ ሴትም ይጠራበታል። «በጣት ሲያሹት ብርቱካን ብርቱካን የሚሸተው።»

ያ የኔ ዘር ነው! ሙሽራ ሆኜ እዚህ ቤት የገባሁ ዕለት አማቴ ማናፖ በቅል አድርጋ የሰጠችኝ ነው። ከምድጃው በላይ ሰቅዬ በጢስ ጠብቄዋለሁ። በየዓመቱ የትኛው ወንድ እንደሚቀር፣ የትኛው እንደሚነቀል በገዛ እጄ መርጫለሁ። መንደሩ ውስጥ ያለው ሁሉ ከኔ የወሰደ ነው። ማሉቲ አራት! አንድ፣ ሁለትና ሦስትን የት ጣሏቸው?

«ከየት አመጣችሁት?» አልኩት ሰውየውን።

«ከመስክ ነው የሰበሰብነው፣ እሜ። ባለቤት አልነበረውም።»

«ነበረው» አለች ዲኬሌዲ። «እኔ ነኝ የሰጠኋችሁ። ለሥራ ስመዘገብ የአገር ዘር ይዞ የመጣ ይቀደማል አላችሁ። ከእናቴ ቅል አንድ እፍኝ ሰርቄ አመጣሁላችሁ።»

ሰው ባይኖር በጥፊ አጮላት ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ አብራኝ ፓፓ፣ የበቆሎ ገንፎ፣ ስትበላ፣ ቅሉ ጎደለ፣ አይጥ ነው መሰለኝ ስላት፣ አዎ አይጥ ነው ስትለኝ! ግን ደግሞ እንባዋ እየወረደ እንጀራ በሚሰጣት ሰውዬ ፊት ነው ቆማ የምትናገረው። ቁጣዬ ግማሹ እዚያው ቀለጠ፣ ግማሹ ወደ ሰውየው ዞረ።

ካቤሌ ግን አልደነገጠም። ፈገግ ብሎ ዙሪያውን አየን።

«ጥሩ። ባለቤት አለው ከተባለ ባለቤቱ ይነሳ። አስተውሉ ግን፤ ዘሩ የኔ ነው ያለ ሰው፣ ያለ ፈቃድ ስዘራ ኖሬያለሁ ማለቱ ነው። ሳጅን ቴኮም ይኸው እዚህ አለ። እስቲ፣ ማቴኮአኔው የማን ነው?»

ሰው ሁሉ ጫማውን ያያል። አወይ ብልጠት! የኔ ነው ካልኩ እስር ቤት፣ ዝም ካልኩ የሱ። አስቦበት ነው የመጣው።

ተነሳሁ። ጉልበቴን ያመኛልና ለመነሳት ጊዜ ወሰደብኝ። ሰውየው ያን ሁሉ ጊዜ ፈገግ እንዳለ ነው።

«የኔ ነው።»

ሳጅን ቴኮ ጠጋ ብሎ በሹክሹክታ «እሜ፣ ይቀመጡ። አልሰማሁም እላለሁ» አለኝ።

«ለምን አትሰማም? አንተ ልጅ፣ አስም ሲያፍንህ እናትህ አዝላህ ወደኔ ስትሮጥ ምን ያጠጣሁህ መሰለህ፣ ሻይ? ሰምተሃል፣ ጻፍም!»

መንደሩ በሳቅ ፈነዳ። ቴኮ አፈረ፣ ደብተሩን ግን አወጣ። እኔ ወደ አለቃው ዞርኩ።

«ሞሬና፣ ጸሐፊዎም ይጻፍ። እኔ ማዲኬሌዲ፣ የዲኬሌዲ እናት፣ የማናፖ ምራት፣ ግንዱ ወይን ጠጅ የሆነውን ማቴኮአኔ በማሳዬ አርባ አንድ ዓመት ዘርቻለሁ። ከኔ በፊት አማቴ ዘርታዋለች። ወንዱን እኔ እመርጣለሁ፣ ዘሩን እኔ አስቀምጣለሁ። ማኅተሙም ይመታበት።»

«አንቺ ሴትዮ፣ የምታስጽፊው እኮ ራስሽን ነው!» አለኝ ሌቱካ።

«አዎ፣ ራሴን ነው! የጎረቤት ስም ጠራሁ? ይጻፍ!»

«ይጻፍ!» አለ የጆንያው ሽማግሌ። ከዚያ ሴቶቹ ተቀበሉት፤ ይጻፍ፣ ይጻፍ እያሉ መሬቱን በበትር ደበደቡት። ሌቱካ የጠጣው ብራንዲ በላብ እየወጣ ማኅተሙን መታ። የዚያን ዕለት በካቤሌ ወረቀት ላይ አንድም ሰው አልፈረመም።

ሰኞ ልጄን አባረሯት። ማክሰኞ ሳጅን ቴኮ ሁለት ፖሊስ ይዞ መጣና ማሳዬን ነቅሎ፣ ለማስረጃ አንድ እቅፍ ጭኖ፣ እኔንም ጭኖ ሄደ። ከጣቢያው በዋስ ስወጣ ዲኬሌዲ በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። ወደ ቤት ስንሄድ መንገድ ላይ ነገረችኝ።

«እሜ፣ የኩባንያውን ምዝገባ መቃወም ይቻላል። ማሴሩ ባለው የዘር መዝገብ ቤት፣ ከነሱ በፊት ዘሩን የያዘ ሰው እንደነበረ የሚያሳይ ወረቀት ካቀረብን ይሰረዛል። ግን የመንግሥት ወረቀት መሆን አለበት፣ የአለቃ ብቻ አይበቃም። እኛ ደግሞ የለንም።»

«አይዞሽ» አልኳት። «መንግሥት እየሠራልን ነው።»

መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት መንገዱ ላይ ቁጭ አለች። ከተማ ያለ አንድ ጠበቃ በነጻ ልቁምልሽ ብሎኝ ነበር፤ ካጂ፣ የፒትሶው ቃል ብቻውን አያስቀጣሽም፣ ነጻ ትወጫለሽ አለኝ። እግዜር ይስጥልኝ ብዬ ሸኘሁት። ነጻ ወጥቼ ምን ላደርግ? ዘሩ የካቤሌ ሆኖ እኔ ነጻ ብባል ምን ይረባኛል?

ፍርድ ቤት ቀረብኩ። አምናለሁ አልኩ። ኩባንያው ግን መንደሩን ለማስፈራራት እኔን አጥብቆ ማስቀጣት ፈልጓልና፣ የራሱን ባለሙያ ምስክር አድርጎ ላከ። ነጭ ካፖርት የለበሰ፣ ጨዋ ሰው ነው። ከማሳዬ የተነቀለውንና የላስቲክ ቤቱን ተክል መርምሬያለሁ አለ።

«ልዩነት አላቸው?» አለች ዳኛዋ።

«ምንም ልዩነት የላቸውም። አንድ ዘር ናቸው።»

ካቤሌ ከኋላ ሆኖ ራሱን በእሺታ ነቀነቀ። እኔም ነቀነቅኩ። ቀጥሎ የፒትሶው መዝገብ ተነበበ፣ አርባ አንድ ዓመቱ፣ አማቴ፣ ወንዱን መምረጤ፣ ሁሉም። ዳኛዋ ጽፋ ጽፋ ስትጨርስ ቀና አለች።

«ጥፋተኛ ነሽ። ስድስት ወር እስራት፣ በገደብ። ደግመሽ ከዘራሽ ትገቢያለሽ። የምትይው አለሽ?»

«አለኝ፣ ክብርት ዳኛ። የፍርዱን ግልባጭ እፈልጋለሁ። አርባ አንድ ዓመት የሚለው ይኑርበት። እኚህ ጌታ አንድ ዘር ናቸው ያሉትም ይኑርበት። ማኅተምም ይመታበት።»

ዳኛዋ መነጽሯን አወለቀች። እኔን አየች፣ ካቤሌን አየች፣ የጻፈችውን መልሳ አየች።

«ይሰጣት» አለች።

የካቤሌ ፈገግታ ሲጠፋ በዓይኔ በብረቱ አየሁት። ኮሪደሩ ላይ ሮጦ ደረሰብኝ፤ ዲኬሌዲ ግልባጩን በሁለት እጇ ይዛ ቃል በቃል እያነበበችልኝ ነበር።

«እሜ፣ እባክዎ፣ ቁጭ ብለን እንነጋገር። ወረቀቱን የት ሊወስዱት ነው?»

«ማሴሩ፣ ወደናንተ ከተማ፣ ወደ መዝገብ ቤቱ።»

«ጥፋተኛ ነሽ እኮ ነው የሚለው! የሚያሳፍር ወረቀት ነው!»

«ያሳፍር። እኔ በመንግሥት ማኅተም የአርባ አንድ ዓመት ጥፋተኛ ነኝ፣ ንታቴ። የናንተ ኩባንያ ስንት ዓመቱ ነው?»