የልብስ ሰፊዋ ግድግዳ

ቀለም ቀቢው በወንድሙ ሱቅ ደጃፍ ካለፈ ሰባት ዓመት ሆኖታል። መንገዱ ቢያስገድደው እንኳ በአናጢዎቹ በኩል ዞሮ ይሄዳል፤ ሃያ ደቂቃ ይጨምርበታል፣ ይጨምርበት። ታናሽ ወንድሙ ቀለም አንብቦ የሚደባልቅ ማሽን ባስገባ ሰሞን፣ ደንበኛ ሱቁን ሞልቶ ሳለ፣ «ሰውየው ዓይኑ ደክሟል፤ ቀለሙን ለማሽኑ ቢተውለት ይሻላል» ብሎት ነበር። ሰውየው አለው። አፉን ከፈታ ጀምሮ «ወንድም ጋሼ» ሲለው የኖረ ልጅ።

ይባስ ብሎ ከደንበኞቹ መካከል ሬዲዮ ነበረበት። ሬዲዮ የሰፈሩ ቧንቧ ሠራተኛ ነው፤ ስሙ የወጣለት የሰማውን ሳያሰራጭ ስለማያድር ነው። ወሬውን በማግስቱ ያልሰማ አልነበረም።

ቀለም ቀቢው ትምህርቱን ከስድስተኛ ክፍል ያቋረጠው ይኸው ወንድሙ እንዲማር ነው። የወንድሙ የምስክር ወረቀት ዛሬ ከማሽኑ በላይ በመስታወት ተሰቅሏል፤ የተሰቀለበትን ሚስማር የመታው ቀለም ቀቢው ራሱ ነው። ይህን ሁሉ ይችለው ነበር። ያልቻለው ሌላ ነገር ነው፦ ከዚያ ቀን ወዲህ ብሩሽ ባነሳ ቁጥር «እውነት ደክሞ ቢሆንስ?» የሚል ሐሳብ ይበላዋል። ሐኪም ዘንድ አይሄድም። ሐኪምም ወረቀቱን ግድግዳ ላይ የሰቀለ ሌላ ሰው ነው።

እንዲህ እንዳለ የልብስ ሰፊዋ ቤት ቧንቧ ፈነዳ። ሬዲዮ ግድግዳውን ሰብሮ ቧንቧውን ቀየረ፤ ግንበኛ ለሰነው፤ ቀለሙ ቀረ። ቀለም ቀቢው ሲገባ፣ ዝናብ አባርቶ ደመናው ገና ሳይገፈፍ ሰማዩ የሚመስለውን የሚመስል ግራጫ ሰማያዊ ግድግዳ ጠበቀው። በመሐሉ የጠረጴዛ ስፋት ያለው ነጭ ልስን አለ። የቀረው ከላይ እስከ ታች በእርሳስ ተጽፎበታል።

«ይሄ ሁሉ ምንድን ነው?»

«ደብተሬ ነው ጋሼ። የደንበኛ ልክ እዚህ ላይ ነው የምጽፈው። ሃያ ሁለት ዓመቱ።»

ቀረብ ብሎ አነበበ። «መምህሩ፣ ትከሻ 46፣ ግራው ዝቅ ይላል።» ወረድ ብሎ «ሙሽራዋ፣ ወገብ 68»፤ ከሥሩ «74»፤ ከሥሩ «81፣ ወልዳለች፣ መንታ»።

«ሙሉውን ልቀባው ብልሽስ?»

«ከቤቴ አስወጣዎታለሁ።»

«ልስኑን ብቻ ከቀባሁት ደግሞ፣ ቀለሙ ካልገጠመ፣ እንደ እራፊ ነው የሚታይሽ።»

«እራፊ መጣፍ እንጀራዬ ነው፤ የኔ እራፊ አይታይም። የእርስዎም እንዳይታይ። ጨርቅና ክር የማስተያየው እዚህ ግድግዳ ላይ አስደግፌ ነው፤ እሱ ከተዛባ ዓይኔም ይዛባል።»

ዓይን ስትል ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

የግድግዳውን ቀለም የሠራው ፋብሪካ ከተዘጋ ቆይቷል። ልብስ ሰፊዋ አሮጌውን የጣሳ ክዳን ፈልጋ አገኘችለት፤ ቁጥር 17 ይላል። የሌላው ፋብሪካ ቁጥር 17 ግን የሕፃን ድድ የመሰለ ሮዝ ሆነ። ከሦስት ፋብሪካ ይቀርባል ያለውን ገዛ። «ደመና» የሚሉት ሲደርቅ አረንጓዴ አረንጓዴ አለ፤ «የርግብ ክንፍ» ወደ ወይን ጠጅ ሄደ፤ «የባሕር ጭጋግ» ባሕሩም ጭጋጉም የለበትም። እነዚህን ስም የሚያወጣ ሰው ደሞዝ እንደሚከፈለው ሲያስብ ገረመው። እያቀላቀለ ካርቶን ላይ ቀባ፣ አደረቀ፣ ግድግዳው ላይ ለጠፈ። ጠዋት የገጠመው ከሰዓት ይከዳዋል። ዘጠኝ ቀን እንዲህ ሄደ፤ ሌሊት ደግሞ ያው ሐሳብ፦ ደክሞ ቢሆንስ?

በዘጠነኛው ቀን ልብስ ሰፊዋ መርፌዋን ከከንፈሯ አውጥታ፣ «ማሽን ያለው ሱቅ አለ ይላሉ» አለችው።

«አውቀዋለሁ።»

«ታዲያ?»

«ወንድሜ ነው።»

«ታዲያ» አለች ደግማ። ሁለተኛዋ ታዲያ ከመጀመሪያዋ ይልቅ ጎረበጠችው።

ማሽኑ የሚያነበው የአውራ ጣት ያህል ቁራሽ ይፈልጋል። ጽሑፏን ላለመንካት ደንበኞች ልብሳቸውን ከሚያዩበት ረጅም መስታወት ጀርባ እጁን አስገብቶ፣ በቢላዋ ጫፍ ፈልፍሎ፣ ቁራሹን በወረቀት ጠቅልሎ ሄደ።

ወንድሙ መነጽር አድርጓል። ይህን ሲያይ ደስ አለው፤ ወዲያው ደግሞ በራሱ አፈረ።

«ግባ ወንድም ጋሼ።»

«ቀለም ልገዛ ነው የመጣሁት።»

«ቀለም ገዢም ይገባል።»

ማሽኑ ቁራሹን አይቶ ያንጠባጠበውን አንጠባጥቦ ጣሳውን ናጠው። ቀለም ቀቢው ሒሳቡን ከፍሎ ወጣ። በማግስቱ ግን በዚያ ቀለም የተቀባው ካርቶን ግድግዳው ላይ ሲለጠፍ ጠቁሮና ሰማያዊው በርትቶ ታየ።

«ይሄ የሌላ ሰው ቤት ግድግዳ ነው» አለች ልብስ ሰፊዋ።

ቀለም ቀቢው በሰባት ዓመት ውስጥ እንደዚያ ቀን አልተደሰተም። ማሽኑ ስቷል። ካርቶኑን በብብቱ ይዞ፣ በዋናው መንገድ፣ ሱቁ ገባ።

«ማሽንህ አያይም።»

ወንድሙ ሱቁ ውስጥ የቀረውን ቁራሽና ካርቶኑን ይዞ ደጅ ወጣና ብርሃን ላይ ጎን ለጎን ያዛቸው። «አንተው እየው።»

አየው። አንድ ናቸው። አገላብጦ አየው፤ አንድ ናቸው። እዚህ አንድ፣ እዚያ ሁለት ሆኖ የሚታየው ከሆነ፣ ዓይኑ በእርግጥም አልቋል ማለት ነው።

«ልብስ ሰፊዋም አልገጠመም ብላለች» አለ፤ ድምፁ እንደ ቅድሙ አልነበረም።

ወንድሙ ትንሽ አየው። ከዚያ የሱቁን በር ቆለፈ። «እስቲ እንሂድ።»

ሲደርሱ ሬዲዮ ቧንቧው እንዳያንጠባጥብ ሊያይ መጥቶ ነበር። ሁለቱን አብረው ሲያይ መፍቻው ከእጁ ሊወድቅ ምንም አልቀረው። ወንድሙ ግድግዳውን ዳር እስከ ዳር ቃኘ። «ቁራሹን ከየት ነው ያነሳኸው?»

«ከመስታወቱ ጀርባ። ጽሑፏን እንዳልነካባት።»

ወንድሙ ወደ መስኮቱ አየ፣ ወደ መስታወቱ አየ። «በዚያ በኩል ያዝልኝ ወንድም ጋሼ።»

መስታወቱን አንሥተው ወደ ጎን አቆሙት። ቦታው ላይ እንደ በር የቆመ፣ ጥቁርና ጥልቅ ሰማያዊ ቀረ። ቀለም ቀቢው ካርቶኑን አስጠጋው፤ ካርቶኑ ውስጡ ጠፋ። ሃያ ሁለት ዓመት በመስኮቱ የገባች ፀሐይ ግድግዳውን ሁሉ ስታገረጣ እዚያች ጋ አልደረሰችም። ማሽኑ ልክ ነበር። ዓይኑም ልክ ነበር።

«ይሄንን ጀማሪ እንኳ አይሠራውም» አለ ቀለም ቀቢው ቁጭ ብሎ።

«ጀማሪ ቢሆንማ ጽሑፉን ይቆርሰው ነበር» አለ ወንድሙ። «አሁን ፀሐይ ካገኘው ግድግዳ ባዶ ቦታ የለም፤ ማሽኑ ምን ያነባል? አንተ እያየህ ንገረኝ፣ እኔ ልጨምር።»

በማሽኑ ቀለም ላይ የሚጨመሩትን ነጭ ጣሳና የቀለም ጠርሙሶች ከሱቅ አመጡ። ቀለም ቀቢው በርጩማ ላይ ተቀምጦ ግድግዳውን ፊት ለፊት አየው።

«ነጭ። ጨምር። በቃ። ጥቁር፣ አንድ ጠብታ። አሁን ቢጫ፣ በስንጥር ጫፍ።»

«ቢጫ ደግሞ ለምን?»

«ፀሐይ ሰማያዊውን ወስዳ ዝም አላለችም፤ የቀረውን ጠበስ አድርጋዋለች።»

ወንድሙ በስንጥር ጫፍ ጨመረ። ልብስ ሰፊዋ ካርቶኑን ካውያዋ አጠገብ ይዛ ታደርቃለች፤ እርጥብ ቀለም ስለሚያታልል ሳይደርቅ አይፈርዱም። አንደኛው ደመቀ፣ ሁለተኛው ከሰለ፣ ሦስተኛው ለጥቂት ሳተ። አራተኛውን ግድግዳው ላይ አስጠግቶ ያዘውና ወንድሙን፣ «ካርቶኑ የታል?» አለው። ወንድሙ መነጽሩን አውልቆ ጠረገ።

ሁለት ጊዜ ቀባው። በጽሑፉ ዳር ዳር በቀጭን ብሩሽ፣ ትንፋሹን ይዞ፣ የአንድም ሰው ትከሻ ሳይነካ ጨረሰ። ከሰዓት ሲደርቅ ልብስ ሰፊዋ ከደጅ ገባች፣ ከመስኮቱ ጋ አየች፣ ጎንበስ ብላ አየች። በመጨረሻ ጣቷን ግድግዳው ላይ አሳለፈች።

«ከየት ነው የሚጀምረው?»

ቀለም ቀቢው ሊያሳያት ተነሣና እሱም ፈለገው። ጽሑፍ የሌለበት መሆኑ ባይመራው አያገኘውም ነበር።

ወንድሙ ጉሮሮውን ጠረገ። «ሬዲዮ፣ ያን ጊዜ ሱቄ ውስጥ ያልኩት ትዝ ይልሃል?»

«እንዴት ይረሳኛል? ስንት ሰው ነግሬው።»

«ተሳስቼ ነው። ወንድም ጋሼ ዓይኑ አልደከመም። ይሄንንም ለዚያው ሁሉ ሰው ንገር።»

«ይሄኛው እንደዚያኛው አይጥምም» አለ ሬዲዮ አገጩን እያሻሸ። «ቢሆንም እሞክራለሁ።»

ቀለም ቀቢው ብሩሹን ሲያጥብ ከተለመደው በላይ ቆየ፣ ውኃው ጠርቶ እንኳ።

«ጋሼ፣ ይቁሙልኝ» አለች ልብስ ሰፊዋ ሜትሯን ከአንገቷ አውርዳ። ትከሻውን ለካችና እርሳሷን አነሣች። «ምን ብዬ ልጻፍዎት?»

«ወንድም ጋሼ በይው» አለ ወንድሙ ቀድሞ።

በአዲሱ ቀለም ላይ «ወንድም ጋሼ፣ ትከሻ 48» ብላ ጻፈች።

«ምን ልትሰፊልኝ ነው?»

«የሥራ ካፖርት። ጨርቁ እዚያ ነው፤ ቀለሙን እርስዎ ይምረጡ።»

ወደ መደርደሪያው ሄዶ ሳይቸኩል አንድ በአንድ አየ። ሲጨርስ ወንድሙ ጠርሙሶቹን ይዞ በር ላይ እየጠበቀው ነበር። ያን ቀን በአናጢዎቹ በኩል አልዞረም።