ከቀዶ ጥገናው እስከ ዋንጫው አሥራ ስድስት ቀን

የሐሞት ከረጢቷ ከነጠጠሮቹ በወጣ በማግሥቱ መምህርት ነፃነት ወረታ መገንጠያው ላይ ከሚኒባስ በራሷ እግር ወረደች። ባሏ አዛናው ሊደግፋት ክንዷን ቢይዝ፣ "ተወኝ እባክህ፣ ደህና ነኝ!" ብላ ሳቀች። ሳቁ ሆዷን ወጋት፤ እሷ ግን ከቁም ነገር አልቆጠረችውም።

ነፃነት ከደሴ መጥታ ወረታ ስትኖር ስምንት ዓመቷ ነው። የስፖርት መምህርት ናት። ቅባት ያለው ነገር በበላች ቁጥር ቀኝ ጎኗን እየያዘ የሚያንፈራግጣት ሕመም ዓመት አልፎታል። በ2008 ዓ.ም. ደግሞ በትምህርት ቤቷ የምታሠለጥነው የሴቶች መረብ ኳስ ቡድን ለዞኑ ፍጻሜ ደረሰ። ጨዋታው ደብረ ታቦር ላይ ሊደረግ ጥቂት ሳምንት ሲቀረው ሕመሙ ባሰባት። ሐኪሙ፣ "ሆድሽ አይከፈትም። በአራት ትንንሽ ቀዳዳ ካሜራና መሣሪያ አስገብተን እናወጣዋለን፤ በማግሥቱ ቤትሽ ነሽ" ሲላት በደስታ ዘለለች። ቀኑ ተቆረጠ፤ ለፍጻሜው አሥራ ስድስት ቀን ሲቀረው።

ሐኪሙ ሲያሰናብታት ሌላም ነገር ነግሯት ነበር። "ከውጭ የሚታየው ትንሽ ነው፤ ውስጥሽ ግን ቆስሏል። ትከሻሽን ቢያምሽ አትደንግጪ፤ ሆድሽን የነፋንበት አየር ነው፣ ይጠፋል። ትንሽ ትንሽ ተንቀሳቀሺ። ከባድ ዕቃና ስፖርት ግን ለአንድ ወር የለም።"

ነፃነት ከዚህ ሁሉ የያዘችው "ተንቀሳቀሺ" የሚለውን ብቻ ነበር።

ጎረቤቷ እትዬ ትሁን አጥሚት ይዘው ገቡ። ነፃነት ቀሚሷን ገለጥ አድርጋ አራቱን ፕላስተሮች አሳየቻቸው።

"ይኸው ነው እንዴ?" አሉ እትዬ ትሁን ጎንበስ ብለው። "ከደረትሽ እስከ እምብርትሽ የቀደዱሽ መስሎኝ ስንት አለቀስኩ!"

"አሁን እንደዚያ ቀረ፣ እትዬ! በሳምንቱ ሜዳ ያገኙኛል።"

"እንግዲያማ ምን አስተኛሽ?"

ወሬው ሰፈሩን አዳረሰ። በአራተኛው ቀን ርዕሰ መምህሩ ደውለው፣ "ምንም አልሆነችም ሲሉ ሰማሁ። ሰኞ ትገቢያለሽ አይደል?" አሏት። "እገባለሁ!" አለች። በሁለተኛው ቀን ትከሻዋን አሟት "ልቤ ነው!" ብላ አዛናውን ማስደንገጧን፣ ከወንበር ለመነሳት እንኳ ጠረጴዛ መደገፏን አልነገረቻቸውም።

በስድስተኛው ቀን ስትነቃ ምንም አላመማትም። አዛናው ሥራ እንደሄደ ባጃጅ ጠርታ ትምህርት ቤት ገባች።

"ቲቸር መጡ!" ልጆቹ እየጮሁ ከበቧት። ልቧ በደስታ ሊፈነዳ ደረሰ። የቡድኑ አምበል ይርገዱ ሰርቭ ስትመታ ኳሱ መረቡ ላይ ቀረ። ነፃነት አላስቻላትም።

"አምጪው፣ ክንድሽን እንዲህ ዘርጊው!"

ኳሱን ወደ ላይ ወርውራ መታችው። ኳሱ መረቡን ተሻግሮ መስመሩ ላይ አረፈ። እሷ ግን እምብርቷ አጠገብ የሆነ ነገር ተቦጭቆ የወጣ ያህል ተሰማትና በጉልበቷ ወደቀች። ይርገዱ ለአዛናው ደወለች።

ክሊኒክ ወስደው አሳዩአት። ስፌቱ አልተፈታም። ሐኪሙ በስልክ፣ "ዕድለኛ ነሽ፤ ጡንቻሽን ነው የወጠርሽው" አላት። "ቁስሉ ትንሽ ስለሆነ ቶሎ ትድኛለሽ ብዬሻለሁ። ቶሎ ማለት ግን ዛሬ ማለት አይደለም።"

አልጋዋ ላይ ሆና ዓይኗ እስኪያብጥ አለቀሰች። አዛናው አልተቆጣም። "ፍጻሜው ላይ መገኘት ትፈልጊያለሽ ወይስ መጫወት?" ብሎ ብቻ ጠየቃት።

"መገኘት።"

"እንግዲያው ለእሱ እንዘጋጅ።"

ለርዕሰ መምህሩ ራሷ ደወለች። "ሰኞ አልገባም። እርስዎን ብቻ ሳይሆን ራሴንም አታልያለሁ" አለቻቸው። ከዚያ በኋላ አንድ ቀን እስከ ግቢው በር፣ በሌላው ቀን እስከ አስፋልቱ፣ ደከመኝ ስትል እየተመለሰች መራመድ ጀመረች። ከሰዓት በኋላ ልጆቹ ቤቷ ይሰበሰባሉ። ሰፌድ ላይ ስድስት ሽምብራ ደርድራ ማን የት እንደሚቆም ታሳያቸዋለች፤ ይርገዱ ሜዳ ላይ ታሠራቸዋለች።

"ቲቸር፣ ሰርቭ ገባልኝ! ከአሥሩ ስምንቱ!" ብላ አንድ ቀን እየሮጠች መጣች። ነፃነት ተነስታ ልታቅፋት ቃጣች፤ ተወችውና ባለችበት ሆና አጨበጨበች።

ፍጻሜው ደረሰ። ሐኪሙ ወንበር ላይ እንድትቀመጥ ፈቀደላት። አዛናው ብድግ እንዳትል አጠገቧ ተቀመጠ። ሁለት ዙር ለሁለት ሆኑና አምስተኛው ዙር መጣ። ደብረ ታቦር በጩኸት ተናወጠች። መጮህ ስለማትችል ነፃነት በእጇ ብቻ ታመለክታለች፤ ይርገዱም እጇን እያየች ጓደኞቿን ታዝዛለች። አሥራ አራት ለአሥራ ሦስት መሩ፤ የቀራቸው አንድ ነጥብ ነው። ይርገዱ ሰርቭ ልትመታ ቆመች።

"አዛናው፣ ያዘኝ" አለች ነፃነት፤ ያዛት።

ኳሱ ተሻገረ። ተጋጣሚዎቹ ነክተው ከመስመር ውጭ አወጡት፤ ዋንጫው የወረታ ልጆች ሆነ።

ልጆቹ አሠልጣኛቸውን ወደ ላይ ሊያነሱ እየሮጡ መጡ። ይርገዱ ከፊታቸው ተደነቀረች። "እንዳትነኳቸው! ቁስላቸው አልዳነም!" አንድ ሰው ማንሳታቸው ግን የግድ ነበርና ስለ መረብ ኳስ አንዳች የማያውቀውን አዛናውን አፈሱት። "ኧረ አውርዱኝ!" እያለ አየር ላይ ሦስት ጊዜ ተገላበጠ።

"አታስቁኝ! በእመብርሃን አታስቁኝ!" ትላለች ነፃነት፣ ሆዷን በሁለት እጇ ይዛ እንባዋ እየወረደ።

በመመለሻው አውቶቡስ ልጆቹ ሲዘፍኑ እሷ መስኮቱን ተደግፋ ወረታ እስኪደርሱ ተኛች። በማግሥቱም ቀኑን ሙሉ አልተነሳችም። ሰርቭ የመታችው ወሩ አልፎ ሐኪሙ ከፈቀደላት በኋላ ነው፤ የመጀመሪያው መረቡ ላይ ቀረ፤ ሁለተኛው ገባ።