ሁለቱ ሃይላንዶች

እኔ ደሜ ቶሎ ይፈላል። ተማሪዎቼ ይህን ስለሚያውቁ ቅዳሜ ጠዋት አንድም ሳያረፍዱ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ተገኙ። የማስተምረው የአሥራ አንደኛ ክፍል ባዮሎጂ ነው። ስለ ደንና ስለ ወንዝ ከመጽሐፍ እያነበብኩ ማውራት ሰልችቶኝ፣ በሰፈራችን ያለውን በዐይናቸው ይዩት ብዬ ይዣቸው ወጣሁ።

መጀመሪያ ከቱሉ ዲምቱ ማዶ ወዳለው የደብሩ ደን ሄድን። ጫማችንን አውልቀን ገባን። ከጽዱና ከወይራው ሥር ሰው ሁሉ ለጸበል የሚቀዳት አንዲት ምንጭ አለች። ከእሷ የሚወርደው ውሃ ውስጥ ድንጋይ ስንገለብጥ፣ ንጹሕ ውሃ ካላገኙ የማይኖሩ ትንንሽ ነፍሳት ይርመሰመሳሉ። ልጆቹ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ሲያዩ ደስ አሉኝ። ከተማሪዎቼ አንዷ ሮዳስ ለቤተ ሙከራ ከምንጯ አንድ ሃይላንድ ሙሉ ቀዳች።

ከሰዓት በኋላ ወደ አቃቂ ወንዝ ወረድን። ሽታው ገና ሳንደርስ ተቀበለን። የያዝነውን መረብ ብንጥል ብናነሣ ከቀይ ትል በቀር የሚንቀሳቀስ ነገር የለም። «ቲቸር፣ ይሄ እኮ ሞቷል» አለ አቡዘር። ቀልድ የማያልቅበት ልጅ ነው፤ ያን ጊዜ ግን አልቀለደም።

አሸዋ፣ ከሰልና ጥጥ ደርድረን ጥቁሩን ውሃ አጣራነው። ጠብ ጠብ እያለ ኩልል ብሎ ወጣ፤ ሽታው እንኳ ጠፋ። ልጆቹ አጨበጨቡ።

«ምን ያስጨበጭባችኋል?» ብዬ ጮህኩባቸው። «የተወገደው ጭቃው ብቻ ነው! በዐይን የማይታየው መርዝና ተዋሲያን እዚያው አለ። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ሲባል አልሰማችሁም?»

ጭብጨባው ቆመ። ቤተ ሙከራው እስከ ሰኞ ዝግ ስለሆነ ሮዳስ የተጣራውንም በሌላ ሃይላንድ ሞልታ፣ አንዱ ላይ «ምንጭ» ሌላው ላይ «ወንዝ» የሚል ወረቀት ለጥፋ፣ ሁለቱንም ወደ ቤቷ ይዛ ሄደች።

እሑድ ከቅዳሴ ስወጣ ስልኬ ጮኸ።

«ቲቸር፣ እማዬ ጠጣችው!» ሮዳስ ነበረች፤ ለቅሶ አፍኗታል።

«የቱን?»

«አላውቅም! ወረቀቱ ቦርሳዬ ውስጥ ረጥቦ ተላጠ። ሁለቱም አንድ ዓይነት ናቸው።»

ክው አልኩ። የሮዳስ እናት፣ ወይዘሮ አለሚቱ፣ ኩላሊታቸው ከደከመ ቆይቷል። ሐኪማቸው «ትንሽ ተቅማጥ እንኳ ቢይዝዎት በሩጫ ይምጡ፤ የቀረችውን ይዞብን ይሄዳል» እንዳላቸው ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።

ስደርስ ሶፋቸው ላይ ተቀምጠዋል። አጠገባቸው አንድ ሙሉ፣ አንድ ግማሽ ሃይላንድ።

«ምን ሆና ነው የምታለቅሰው?» አሉኝ። «ደብር ውላ ለእናቷ ጸበል ሳትይዝ ትመጣለች? ረስታ ሳትሰጠኝ ቀርታ ነው ብዬ፣ በባዶ ሆዴ አማትቤ ጠጣሁ።»

የትኛዋ እናት ሌላ ታስባለች? ከቦርሳዬ እስክሪብቶ የምታህለውን፣ ውሃ ውስጥ የሟሟውን ነገር በቁጥር የምታሳይ መለኪያ አወጣሁ።

«በስመ አብ! ጸበል ላይ ብረት ይነከራል?»

«ይቅር ይበለኝ፣ ወይዘሮ አለሚቱ» ብዬ ሙሉው ውስጥ ነከርኩ። ቁጥሩ ዝቅ ያለ ነው፤ የምንጯ ነው። ግማሹ ውስጥ ስነክር ቁጥሩ ሽቅብ ተተኮሰ።

«ይነሡ፣ ሐኪም ቤት እንሂድ።»

«ጸበል ጠጥቼ ሐኪም ቤት? ምን በወጣኝ!»

በሰው ሁሉ ላይ የምጮኸው ሴትዮ የመለኪያዋን ቁጥር ብቻ ዘረጋሁላቸው። ሮዳስ ናት እግራቸው ሥር ተንበርክካ የተናገረችው።

«እማዬ፣ ጸበሉ ያኛው ነው። አንቺ የጠጣሽው የአቃቂን ወንዝ ነው።»

ወይዘሮ አለሚቱ ልጃቸውን አዩዋት። ከዚያ ነጠላቸውን አነሡ። መንገድ ላይ ሆዳቸውን ይቆርጣቸው ጀመር፤ ሐኪም ቤቱ በር ላይ አስመለሳቸው።

«እናቴ፣ ምን ጠጥተው ነው?» አለ ዶክተሩ።

«የቧንቧ ውሃ» አሉ ወይዘሮ አለሚቱ ፈጠን ብለው።

«ውሸቷን ነው!» ሮዳስ ክፍሉ እስኪናጋ ጮኸች። «እኔ ያመጣሁትን የወንዝ ውሃ ነው! ግማሽ ሃይላንድ! ኩላሊቷ ደካማ ነው፣ ዶክተር፣ በእናትህ!»

እናትየው ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ። «ልጄ እንዳትወቀስብኝ ብዬ እኮ ነው» አሉኝ በሹክሹክታ።

ዶክተሩ ሮጠ፤ ጉሉኮሱም መድኃኒቱም ወዲያው ተጀመረ። ወደ ማታ ላይ መጥቶ «ኩላሊታቸውን ያተረፍሽው አንቺ ነሽ፤ ዝም ብትዪ ኖሮ ይመሽብን ነበር» አላት ለሮዳስ። ልጅቷ ግን የሰማችው አይመስልም፤ የእናቷን እጅ ይዛ ታለቅሳለች።

«ተይ በቃ» አሉ ወይዘሮ አለሚቱ በደከመ ድምፅ። «እኔ ልጅ ሳለሁ እናቴ ከዚያው ወንዝ ቀድታ ታጠጣኝ ነበር። ልጄ ከዚያው ብታመጣልኝ ምን ጥፋት አለው?» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «የተማሩት እርስዎ ነዎት፤ ወንዙን ማን ነው እንዲህ ያደረገብን?»

መስኮት መስኮቱን አየሁ።

«ያኛውስ? ጸበሉ?» አሉ።

ለሰኞ ብዬ ቦርሳዬ ውስጥ ይዤው ነበር። አውጥቼ ለሮዳስ ሰጠኋት። በመዳፏ እያፈሰሰች የእናቷን ፊት፣ አንገትና እጅ ቀስ አድርጋ አበሰች፤ እስኪያልቅ።

ሰኞ ለቤተ ሙከራ የደረሰው የወንዙ ግማሽ ብቻ ነው።