አንድ ቀን እኔ፣ አንድ ቀን እሷ

«የምን ኪኒን?» አለች ዶክተር ትዝታ፣ እስክሪብቶዋን ከወረቀቱ ላይ አንስታ።

ተዋበች ከመመለሷ በፊት አጠገቧ የተቀመጠችውን ወዳጇን ሰዒዳን አየቻት። ሰዒዳ ወለሉን ታያለች። ሁለቱ አሥራ አንድ ዓመት ንፋስ መውጫ ገበያ ላይ ጎን ለጎን ውለዋል፤ ተዋበች ከገጠር ያመጣችውን ገብስና ባቄላ የምትዘረጋው በሰዒዳ የጨርቅ ሱቅ በረንዳ ላይ ነው። የአንዷ ጾም ሲገባ ሌላዋ ምሳዋን ተደብቃ ነው የምትበላው።

«የሷን ነዋ፣ የጡቷን» አለች ተዋበች። «እሷ በዚያ ኪኒን ይኸው ሦስት ዓመቷ፣ እንደ ጊደር ትዘላለች። እኔም እብጠቱን ያገኘሁ ጊዜ ነገርኋት፤ አካፈለችኝ። አልጠፋ ቢለኝ ነው ወደናንተ የመጣሁ።»

«ከጀመሩ ስንት ጊዜ ሆነዎት?»

«ከፋሲካ ወዲህ። ሰባት ወር ቢሆን ነው።»

ዶክተሯ ወደ ሰዒዳ ዞረች። «ለእርስዎ የሚሰጠው እኮ ለአንድ ሰው ብቻ የሚበቃ ነው!»

«አንድ ቀን እኔ፣ አንድ ቀን እሷ» አለች ሰዒዳ፣ ድምፅዋ አልወጣ እያላት። «ተራ ገብተን። ወላሂ ዶክተር፣ እህቴ ናት። እሷ እያየችኝ ብቻዬን እንዴት ልዋጠው?»

ዶክተር ትዝታ እስክሪብቶዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ክፋት ቢሆን መቆጣት ይቀላል፤ እንዲህ ያለውን ደግነት ግን ምን ብለው ይቆጡታል?

«የጡት ካንሰር አንድ በሽታ አይደለም» አለች። «የሰዒዳ ዓይነቱ የሚያድገው በሰውነታችን ሆርሞን ነው፤ ኪኒኑ ያንን ይከለክለዋል። የእርስዎ ግን፣ ባለፈው ከእብጠቱ የወሰድነው ናሙና ውጤት ይኸው፣ ሆርሞኑን ከነጭራሹ አይፈልግም። ለእርስዎ ኪኒኑ ከውሃ አይሻልም።»

ተዋበች አመዷ ቡን አለ። ሰባት ወር ሙሉ በየተራዋ አማትባ የዋጠችው ውሃ ኖሯል!

«እኔን ለይቶ ምን አድርጌው?»

«ምንም አላደረጉም። አሜሪካ ውስጥ ሲጠና ይህኛው ዓይነት ከነጮቹ ይልቅ ጥቁር ሴቶችን በእጥፍ ያህል ያገኛል፤ የሚሞቱትም እነሱ ይበዛሉ። እኛ አገር የሚበዛው የሰዒዳ ዓይነት ቢሆንም፣ ይኼም አለ።»

«እንዴ! በሽታም ዘር ይመርጣል?»

«ለምን እንደሆነ ገና ተጠንቶ አላለቀም። ሴቶቹን የሚገድላቸው ግን በሽታው ብቻ አይደለም፤ ሕክምናው መዘግየቱም ነው። ሰኞ ባሕር ዳር ሄደው ኬሞ የሚባለውን የካንሰር መድኃኒት ይጀምሩ። የመዳን ዕድል አለዎት።»

«ሰኞማ አይሆንም። ገብሱ አልተወቃም። ሁለት ሳምንት ይታገሰኝ።»

«እብጠቱ አይታገስም፣ እናቴ።» ከዚያ ወደ ሰዒዳ ዞረች። «እርስዎም ከዛሬ ጀምሮ በየቀኑ ይዋጡ። እንደገናም እንመረምርዎታለን፤ በሽታው ተመልሶ እንደሆነ አላውቅም።»

ውጭ፣ የሆስፒታሉ አጥር ሥር፣ ሰዒዳ በነጠላዋ ጫፍ ፊቷን ሸፍና አለቀሰች። «ገደልሁሽ፣ ተዋቡ! እኔ ባልሰጥሽ ያኔውኑ ሐኪም ቤት በሄድሽ ነበር።»

ተዋበች አልሰማቻትም። ተመልሶ እንደሆነ የሚለው ቃል ነበር ጆሮዋ ላይ የቀረው። የወዳጇን መድኃኒት ግማሹን የበላችው እሷ ናት።

«ዛሬ የማን ተራ ነው?» አለች።

«ያንቺ።»

«አውጭው። አሁኑኑ እፊቴ ዋጭው!»

ሰዒዳ ኪኒኑን ከቦርሳዋ አውጥታ መዳፏ ላይ ያዘችው። አልዋጠችውም። «ሰኞ ትሄጃለሽ?»

ተዋበች ገብሷን አሰበች። ክምሩ አውድማው ላይ ነው፤ ባሏ ክንዱ ብቻውን ነው፤ ዝናብ ቢመጣ የዓመት ቀለባቸው ይበሰብሳል።

«ካልሄድሽ አልውጥም» አለች ሰዒዳ።

ተዋበች ስልኳን አውጥታ ደወለች።

«ክንዱ፣ ስማኝ። ገብሱን ደቦ ጥራና አስወቃው። ሰኞ እኔ የለሁም… አይ፣ ለሰው ብለህ አትደብቅ፤ ታማለች በላቸው።»

ክንዱ ገና እየጠየቃት ነው። እሷ ግን ስልኩን ከጆሮዋ ሳታወርድ፣ ኪኒኑ እስኪወርድ ድረስ ዓይኗን ከሰዒዳ ጉሮሮ አላነሳችም።