በየማለዳው የምትረሳ መኪና

ቴዎፍሎስ በአንድ ሳምንት ለሦስተኛ ጊዜ ደብረ ብርሃን ያለው የፀደንያ ጋራዥ ሲደርስ በንዴት ጦፎ ነበር። መኪናዋ የፍሪሲዮን መርገጫ የላትም፤ ራሷ ረግጣ ራሷ ማርሽ ትቀይራለች። ደህና ነበረች። አሁን ግን ከአንድ ወደ ሁለት ስትገባ ሰውን ከወንበሩ ታፈናጥራለች። ነገ ደግሞ ዓይናቸውን ቀዶ ጥገና የተደረጉትን እናቱን፣ ወይዘሮ ይመኙሻልን፣ ይዞ ወደ አንኮበር ሊወርድ ነው። ሐኪሙ «ጭንቅላታቸው እንዳይናጥ፣ ዓይናቸው ይበላሻል» ብሎታል።

«ፍሪሲዮኑ ይቀየር ካልሽም ቀይሪው፤ ብቻ ዛሬ ጨርሺልኝ» አላት። መቆም አቅቶት ግቢውን ይዞራል።

ፀደንያ አልቸኮለችም፤ ይሄ ይበልጥ አናደደው። ያለፉትን ሁለት ጊዜ ረዳቷ ነበር ያያት፤ አሁን ራሷ ኮምፒውተሯን መኪናዋ ላይ ሰክታ አየች። «ፍሪሲዮኑ ጤነኛ ነው። የምትመታው መቼ መቼ ነው?»

«ጠዋት ጠዋት። ስትውል እየተሻላት ይሄዳል።»

ኮፈኑን ከፍታ የባትሪውን ማሰሪያ በጣቷ ስታዞረው ያለ ቁልፍ ተፈታ። «ይሄን በየቀኑ የሚፈታው ማነው?»

«ማንም።»

«ባትሪው ከቦታው በተነሳ ቁጥር መኪናዋ ፍሪሲዮኑ የት ላይ እንደሚይዝ ይጠፋባታል። ቀን ስትማር የዋለችውን ማታ ታስረሷታላችሁ። ከመቼ ጀመራት?»

«ሁለት ሳምንት ይሆናታል። አባቴና እናቴ ከአንኮበር ከመጡ ወዲህ...» አለና የተፈታውን ማሰሪያ ጎንበስ ብሎ አየው።

ፀደንያ መኪናዋን እንደገና አስተምራ ሰጠችው። ቤት እንደገባ በቀጥታ ወደ አባቱ ክፍል ሄደ። አቶ ወልደተንሣኤ ሃያ ዓመት በብርዳማው የጣርማ በር መንገድ የጭነት መኪና ያመላለሱ ሰው ናቸው።

«አባዬ፣ ባትሪውን የሚያነሱት እርስዎ ነዎት?»

«ታዲያ ማን ያንሳልህ? በዚህ ውርጭ ደጅ ያደረ መኪና ጠዋት ይነሳል? አንተ ስትተኛ አወጣዋለሁ፤ ሳትነቃ እመልሰዋለሁ።» ደስ ብሏቸው ነው የሚናገሩት። ባትሪው ተጠቅልሎ የሚያድርበት ጋቢያቸው አልጋቸው ሥር ተጣጥፎ ተቀምጧል። ሁለት ሳምንት ሙሉ እሳቸው ያለ ጋቢ ነው ያደሩት።

ቴዎፍሎስ ከጋራዡ ጀምሮ ሲያብሰለስለው የመጣው ቁጣ ጠፋበት። ቢሆንም መንገር ነበረበት፤ ቀስ ብሎ ነገራቸው።

አባቱ አልጋቸው ላይ ተቀመጡ። «ታዲያ ያን ዕለት እናትህ ከሆስፒታል ስትመለስ ስትናጥ የመጣችው በእኔ ነው?»



በማግስቱ መኪናዋ ማርሽ መቀየሯ እንኳ ሳይሰማ ሄደች። አቶ ወልደተንሣኤ ግን ከኋላ ወንበር ተቀምጠው የሚስታቸውን ራስ በሁለት እጃቸው ደግፈው ያዙ። ወይዘሮ ይመኙሻል «አሁንማ ደህና ናት እኮ» ቢሏቸውም፣ እስከ አንኮበር ድረስ እጃቸውን አላነሱም።